ሕግ ሲያስዋሽ

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ፣ ለዕረፍት መጥተው ነበር። አሜሪካን አገር ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ሻይ ቤት ወስደውን ሻይ በብስኩት እየጋበዙ የዚያን አገር ጉድ ሲያጫውቱን አመሹ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳቀን የርችት ጨዋታቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች ቀኑንም ዓመቱንም የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አሜሪካኖች በየዓመቱ ጁላይ 4 ቀን የነፃነት በዓላቸውን ርችት በመተኮስ ያከብራሉ። ጋሼም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቻቸው ቢያስቸግሯቸው ርችት ሱቅ ይሄዱና ወደ ሰማይ የሚወነጨፈውን፣ የሚያፏጨውን፣ የሚፈነዳውን ሁሉ መርጠው ገንዘብ ሊከፍሉ ሲሉ ሻጩ አንድ ቅጽ ያቀርብላቸዋል። ቅጹ ገዢው ርችቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ከኦሃዮ ግዛት እንደሚያወጣ ቃል የሚያስገባ ነው። የኦሃዮ ሕግ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ርችት መሸጥና መግዛት ይፈቅድ ነበር፤ እዚያው ግዛት ውስጥ መተኮሱን ግን ይከለክላል። ሻጩ ጋሼ ርችቱን የትም እንደማይወስዱት ያውቃል። ጋሼም ሻጩ እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ሕጉን ያወጡት ሰዎችም አያውቁም አይባልም። ቅጹ ተፈረመ፤ ርችቱ በማግስቱ ማታ እዚያው ጓሯቸው ውስጥ ተተኮሰ።

እኛ ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ነገር መቆስቆስ የሚወድ አንዱ ጓደኛችን ብቻ «ታዲያ ጋሼ፣ ፈረሙ?» ብሎ ጠየቀ። «እንዴ! ካልፈረምክ አይሸጡልህማ» አሉት። ጥያቄውም መልሱም ቀላል ነበር። ግን ያን ቀን ማታ ዶርም ገብተን እንቅልፍ እስኪጥለን ድረስ የተከራከርነው ስለዚያች ፊርማ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው፤ ፍሬ ካለው።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ማንም እንደማይጠብቀው ታውቆ የወጣ ሕግ፣ ዜጋውን እያስዋሸ የሚያስፈርም ሕግ፣ ከነጭራሹ ሕግ ካለመኖሩ ይሻላል? ወይስ ይብሳል?

መጀመሪያ ለሕግ አውጪዎቹ እንፍረድላቸው። ችግራቸው ቀላል አልነበረም። በአንድ በኩል ርችት ለአሜሪካኖች ተራ መጫወቻ አይደለም። ከነፃነት መሥራቾቻቸው አንዱ ጆን አዳምስ ጁላይ 3 ቀን 1776 ለባለቤቱ ለአቢጌል በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀኑ ወደፊት በጠመንጃ ተኩስ፣ በደወልና በእሳት ብርሃን እንደሚከበር ተንብዮ ነበር። እኛስ ብንሆን በመስቀል ዋዜማ ደመራ እንዳናበራ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ እንዳንለኩስ የሚከለክለን ሕግ ቢወጣ ዝም እንላለን? በሌላ በኩል ደግሞ ርችት ያው ባሩድ ነው። ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚሯሯጡባት ያቺ ምስኪን ብልጭታ እንኳ ወደ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትሞቃለች፤ ወርቅ ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ መሆኑ ነው። ጁላይ 3 ቀን 1996 ኦሃዮ ውስጥ ስኮታውን በምትባል ትንሽ ቦታ አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ርችት ለኮሰና እሳቱ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ተዛምቶ 9 ሰዎች አለቁ። በዓል ሊያከብሩ ዕቃ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ከባህል ጋር ሞት ቆሟል። በመካከላቸውም ንግድ ቆሟል። የፌዴራሉ መንግሥት መሬት ላይ ለሚፈነዳው ለተራው ሰው ርችት የባሩዱን መጠን ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አድርጎ ወስኖታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ይከለክላል። ማን ይሽጥ፣ ማን ይግዛ፣ መቼ ይተኮስ የሚለውን ግን በአብዛኛው ለየግዛቶቹ ትቶታል። ግዛቶቹም እንደየጠባያቸው ወሰኑ። ማሳቹሴትስ ብልጭታዋን ሳይቀር ለግለሰብ ከልክላለች። ጎረቤቷ ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ ትሸጣለች፤ ሱቆቹም ድንበሩን እንደተሻገሩ ይገኛሉ። ፔንሲልቬንያ ከ2004 እስከ 2017 ድረስ ትልልቁን ርችት ከሌላ ግዛት ለመጣ እንግዳ እየሸጠች ለራሷ ነዋሪ ትከለክል ነበር። መርዝ ነው ለልጄ አልሰጥም፣ ለጎረቤት ልጅ ግን ይሁን እንደማለት ነው። ኢንዲያና እስከ 2006፣ ኦሃዮ ደግሞ እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ የመረጡት የፊርማውን መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ክርክራችን እንግባ።

ከመካከላችን የፊርማውን ሕግ የሚደግፈው ወገን እንዲህ አለ። «ለመሆኑ ማን ተታለለ? አውግስጢኖስ ውሸታም የሚለው በልቡ ሌላ ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገረውን፣ ያውም ለማታለል አስቦ የሚናገረውን ሰው ነው። ጋሼ ሻጩን አላታለሉም፤ ሻጩም እሳቸውን አላታለለም። ሁሉም ያወቀው ውሸት ውሸት አይደለም፤ ወግ ነው። ሰው "እንደምን ነህ" ሲልህ ታመህም ቢሆን "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አትልም? ይህም እንደዚያው ነው።»

እውነትም ጠንከር ያለ ነገር ነው። መልስ ለማግኘት ጥቂት ቀን ወስዶብናል። መልሱንም የሰጡን ሳያውቁት ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ልንሰናበታቸው ሄድን። ያን ቀን አልሳቁም። ከጎናቸው አንዲት የአገራችን እናት ይኖራሉ አሉን። የጦርነት ዘመን ያለፈባቸው፣ በመድፍ ድምፅ መንደራቸው ሲፈርስ ያዩ፣ በኋላ ልጃቸው የወሰደቻቸው እናት ናቸው። ያን ማታ የእነጋሼ ርችት ሲፈነዳ እኚህ እናት መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው አደሩ። በነጋታው ልጃቸውን «ይሄ ነገር በሕግ የተከለከለ ነው ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱም ምን ትበል። ጋሼ ይህን የሰሙት ከሳምንት በኋላ ነው። «እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉና ወሬ ለወጡ።

እንግዲህ የተታለለው ሰው ተገኘ ማለት ነው። ሻጭና ገዢ ተጠቃቅሰው ተግባቡ፤ ጥቅሻው ያልደረሰው ግን ሕጉን እንደተጻፈው ያመነው ሰው ነው። ሕግን ማመን ሞኝነት የሚሆንበት አገር፣ ሞኝ የሚባለው የዋሁና ሰላማዊው ነው። ብልጡማ መጀመሪያውኑ አላመነም። «ደህና ነኝ» የሚለው ሰላምታችን ማንንም መታጠቢያ ቤት ውስጥ አያሳድርም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደግሞም ያቺ ወረቀት ሥራ ፈት ወግ አይደለችም። ሥራ አላት። እስቲ አንድ ልጅ ዓይኑን ቢያጣ ምን ይሆናል? ሻጩ ፋይሉን ከፍቶ «ይኸው ፊርማው፣ ከግዛቱ አወጣዋለሁ ብሏል» ይላል። መንግሥትም «እኛማ ከልክለናል» ይላል። ሻጩ ገንዘቡን ይዟል፣ መንግሥት ቀረጡን ይዟል፣ ዕዳው ግን ከነሙሉ ክብደቱ የፈረመው ሰው ጫንቃ ላይ ወድቋል። ሕጉ ላይ ያለው ቅጣት እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 1,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ውሸቱን ሦስቱም አብረው ይዋሹታል፤ የሚጠየቅበት ግን አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወግ ብሎ መጥራት ይከብደናል።

እዚህ ላይ ጆን ስቱዋርት ሚል ትዝ አለን። ሚል በ1859 ባሳተመው «ስለ ነፃነት» በተባለው መጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ስለ መርዝ ሽያጭ ያነሳል። መርዝ ለክፋትም ለበጎም ይሆናል፤ ከነአካቴው ቢከለከል በጎው ሥራ ይቀራል፤ ልቅ ቢለቀቅ ወንጀለኛ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሚል፣ ሻጩ የገዢውን ስምና አድራሻ፣ የገዛውን ዓይነትና መጠን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግብ፤ ለምን እንደፈለገውም ይጠይቅና መልሱን ይጻፍ ይላል። መግዛት የፈለገ አይከለከልም፤ ክፉ ያሰበ ግን ዱካውን ትቶ ይሄዳል።

ላይ ላዩን ሲያዩት የኦሃዮ ቅጽ የሚል መዝገብ ይመስላል። ገልብጠን ስናየው ግን ተቃራኒው ነው። የሚል መዝገብ እውነት የሚናገረውን ሰው በነፃ ያሳልፋል፤ የሚዋሸውን ያጋልጣል። የኦሃዮ ቅጽ ግን «እቤቴ ጓሮ ልተኩሰው ነው» ብሎ እውነቱን የሚናገረውን ሰው ባዶ እጁን ይመልሳል፤ የሚዋሸውን ከነርችቱ ያሳልፋል። ወንፊቱ ስንዴውን ደፍቶ እንክርዳዱን ያስቀራል። ውሸትን የሚይዝ መሣሪያ ተለውጦ ውሸትን የሚያመርት መሣሪያ ሆነ።

የሚመረተው ውሸት ደግሞ ሱቁ በር ላይ አይቀርም። አርስቶትል ሕግ አውጪዎች ዜጎችን መልካም የሚያደርጉት በማስለመድ ነው ይላል። ግንበኛ እየገነባ ግንበኛ እንደሚሆን፣ ሰውም እውነተኛ የሚሆነው እውነት እየተናገረ ነው። ታዲያ በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ አባት ልጁን አስከትሎ ሄዶ፣ ልጁ እያየው የማይፈጽመውን ቃል ፈርሞ፣ ከሻጩ ጋር ተጠቃቅሶ ሲወጣ፣ ልጁ ምን ተማረ? ርችት አደገኛ መሆኑን አልተማረም። ፊርማ ቀለም ብቻ መሆኑን ግን ተምሯል። ካንትም በ1797 ስለ ውሸት በጻፈው ድርሰት፣ ውሸት አንድን ሰው ለይቶ ባይጎዳ እንኳ የሰውን ልጅ ሁሉ ይጎዳል፣ ምክንያቱም የቃልን ተአማኒነት ያፈርሳል፣ ውልም ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው ይላል። ስናነበው የተጋነነ መስሎን ነበር። አሁን ያን ያህል አልመሰለንም።

ይህን ለማወቅ ካንት ድረስ መሄድም አያስፈልግ ይሆናል። በኛ አገር «በሕግ አምላክ!» የሚባል ቃል ነበር፤ አሁንም አለ። ፖሊስ በሌለበት፣ ዳኛ በሌለበት፣ መንገድ ላይ አንድ ተራ ሰው ለሚሸሽ ወይም ለሚጣላ ሰው ይህን ቢጣራ፣ የተጠራው መቆም ነበረበት። ተከራካሪዎችም ነጠላቸውን ቋጥረው ተቆራኝተው ራሳቸውን በራሳቸው ዳኛ ፊት ያቀርቡ ነበር። ያ ሥርዓት ግፍ አልነበረበትም አንልም፤ ብዙ ነበረበት። ግን ሰውየውን ያቆመው ምንድን ነው? ጠመንጃ አይደለም። ሕግ ሲጠራ የምር እንደሆነ ማመኑ ነው። ይህ እምነት እንደ ማሰሮ ነው፤ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል፣ ለመሰበር አንድ መውደቅ ይበቃዋል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው አባባላችን ጭካኔ ያለበት ነው፤ ማንም ቃል በቃል አይፈጽመው። ግን ቃል ምን ያህል ይመዝን እንደነበር ይነግረናል።

ደጋፊው ወገን በዚህ እጁን አልሰጠም። «እናንተ» አለን፣ «መላእክት የሚኖሩበት አገር የምታወሩ ነው የምትመስሉት። ሕግ ሁልጊዜ ስምምነት ነው። ከልካዩ ክልከላውን አገኘ፣ ነጋዴው ንግዱን አገኘ፤ ግማሽ ሕግ ከባዶ ይሻላል። ክልከላው ፌዝ ቢሆንም እንኳ ፈሪ ሰው ይኖራል፤ ሕግ ነው ብሎ የተወ አንድ ሰው ቢኖር አንድ ዓይን ተረፈ ማለት ነው።»

የመጀመሪያውን ግማሽ አንቀበልም። ስምምነት መጥፎ ነው አላልንም፤ ስምምነት ሌላ፣ ማስመሰል ሌላ። እንግሊዞች በ2004 ያወጡትን የርችት ደንብ እንመልከት። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ በሕዝብ ቦታ ርችት ይዞ እንዳይገኝ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት እንዳይተኮስ፣ ድምፁም ከ120 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። በኖቬምበር 5 የጋይ ፎክስ ማታ ግን እስከ እኩለ ሌሊት፣ በዘመን መለወጫ፣ በሕንዶች ዲዋሊና በቻይኖች አዲስ ዓመት ደግሞ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይፈቅዳል። ይህ ስምምነት ነው፤ ተኳሹም እንቅልፍ የፈለገውም ከየድርሻቸው ተቆርሶባቸዋል። ግን ማንም ሰው እንዲዋሽ አይጠየቅም። ጎረቤትም መቼ እንደሚተኮስና መቼ ጸጥታ እንደሚሆን ያውቃል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን አስቸግሮናል፤ አልደበቅንም። ምክንያቱም ኦሃዮ በመጨረሻ ውሸቱን ስትተው ምን አደረገች? በጁላይ 2021 ለመተኮስ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ አገረ ገዢው ማይክ ደዋይን አልፈርምም ብለው መለሱት። ፊርማ እንደ ዋዛ በሚሰጥበት ጉዳይ ላይ አንድ ሰው ፊርማውን መንፈጉ ራሱ ይገርማል። በኖቬምበር ግን ጠበብ ተደርጎ የቀረበውን ፈረሙ። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በጁላይ 4ና አካባቢው፣ በዘመን መለወጫ፣ በዲዋሊና በሌሎች የተቆጠሩ በዓላት መተኮስ ተፈቀደ። ከሽያጩ 4 በመቶ እየተቀነሰ በአብዛኛው ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንዲውል ተደረገ። ከተሞች ከፈለጉ በክልላቸው መከልከል ይችላሉ፤ የጋሼ ከተማ ኮለምበስ ከከለከሉት አንዷ ናት። የ48 ሰዓቱ ቃል ኪዳን ቀረ።

ሕጉ እውነተኛ ሆነ። ግን ርችቱ አልቀነሰም፤ በሩ ይበልጥ ተከፈተ እንጂ። እውነት ዋጋ አያስከፍልም ብሎ የሚሰብክ ሰው ይህን ይመልከት። የነዚያ እናት ማታ ከድሮው ይልቅ ጸጥ ያለ ሆኗል ብለን መማል አንችልም። ታዲያ ለምን እውነተኛው ይሻላል እንላለን?

እንዲህ ስለሆነ ነው። በድሮው ሕግ ጊዜ ክርክሩ ራሱ ታፍኖ ነበር። ርችት የጠላው ሰው «ተከልክሏል እኮ» ይባላል፤ ርችት የወደደው «ማን ይዞህ» ይባላል። ሁለቱም አፋቸው ተዘጋ። አሁን ግን ጉዳዩ ገሃድ ወጥቷል። ከኮለምበስ ጋር ይከልከል የሚል ይሟገታል፤ ይፈቀድ የሚልም ስሙንና ምክንያቱን ይዞ ይቆማል። እኚያም እናት ቢያንስ በየትኞቹ ማታዎች ልጃቸውን «ዛሬ ሌላ ቦታ ውሰጂኝ» ማለት እንዳለባቸው ያውቃሉ። የርችቱ ነገር ማሳቹሴትስ እንዳለችው ይሁን ወይስ ኦሃዮ አሁን እንዳለችው፣ እዚህ ላይ አሁንም አልተስማማንም። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ የፈለግኸውን ከልክል፣ የፈለግኸውን ፍቀድ፤ ግን ሰውን አታስዋሽ።

ይህን ያህል ስለ ኦሃዮ ስንጽፍ «የሰው አገር ርችት ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ከአልጋችን ሥር ስላለው ነገር እንንገራችሁ።

በየዓመቱ መጀመሪያ ዶርም ስንገባ ቅጽ እንሞላለን። የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ክፍል ላለማስገባት እንፈርማለን። ስንፈርም ምድጃው ሻንጣችን ውስጥ ነው። ፕሮክተሩም ያውቃል፤ አንዳንድ ማታ የሽሮው ሽታ ስቦት መጥቶ አብሮን በልቷል። ባለፈው ዓመት ከኛ ሁለት ክፍል አለፍ ብሎ አንድ ገመድ ተቃጠለና ፍራሽ ለበለበ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ያኔ ግን ፋይል ተከፈተ። ከፋይሉ የወጣው ግድግዳው ላይ ያለው ያረጀ ሶኬት ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አልነበረም። የወጣው የልጆቹ ፊርማ ነው። አብሮ ሽሮ የበላውም ያን ቀን ምንም አላየሁም አለ። አልፈረድንበትም፤ እኛም ብንጠየቅ አላየንም ነበር የምንለው።

ዘንድሮም ቅጹ መጣ። በዚህ ክርክር ማግስት ስለነበር ብዕራችንን ይዘን ተያየን። አንዱ ጓደኛችን ምድጃውን አክስቱ ቤት አድርሶ መጥቶ ፈረመ። አንዱ አልፈርምም ብሎ፣ ይልቅስ በየፎቁ አንድ የጋራ ማብሰያ ክፍል ደህና መስመር ተዘርግቶለት ይሰጠን የሚል ማመልከቻ ጻፈ፤ አሥራ ሰባት ሰው ፈርሞበታል፣ የምር ፊርማ። መልስ ገና አልመጣም። የቀረነው ሁለታችን እንደ ጋሼ ፈረምን፤ ካልፈረምክ አልጋ አይሰጡህማ።

ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ንጹሕ ሆነን አይደለም። ማመልከቻው በር ላይ ተለጥፏል። ማንበብና መፈረም የሚፈልግ ይምጣ፤ የማያምንበት ግን እባካችሁ አይፈርም።